ቀሪ አራት መቶ ስድስት

ባለፈው ሳምንት ከጎፋ ቁልቁል ስወርድ የድሮው ትምህርት ቤታችን እድሳት ላይ ሆኖ አገኘሁት። ዓይኔ ከማየቱ በፊት አፍንጫዬን የያዘው የዘይት ቀለም ሽታ ነው። ይህን ሽታ ባገኘሁ ቁጥር አሥራ ሁለት ዓመቴ ይመለሳል፤ ጉልበቴ ብቻ ነው አብሮ የማይመለሰው። በሩ ላይ ቆሜ ወደ ውስጥ አየሁ። ሠራተኞቹ የመማሪያ ክፍሎቹን የውጭ ግድግዳ በብረት መፋቂያ እየፋቁ ነበር። ከቢጫው ቀለም ሥር አረንጓዴ፣ ከአረንጓዴው ሥር ኖራ፣ ከኖራው ሥር ደግሞ የደበዘዙ ቀያይ አኃዞች ብቅ አሉ። አምስት፣ ዜሮ፣ ስምንት፣ አንድ፣ ሰባት፣ ሰባት። አንዱ ሠራተኛ አፍጥጬ መቆሜን ሲያይ ጊዜ፣ «አባባ፣ የድሮ ስልክ ቁጥር ነው መሰለኝ» አለኝ። አልተሳሳተም፤ ድሮ የአዲስ አበባ ስልክ ስድስት አኃዝ ነበር። «ስልክ አይደለም ልጄ፣ የክፍላችን ቁጥር ነው» አልኩት። «እንዴ፣ ግማሽ ሚሊዮን ክፍል ነበራችሁ?» ብሎ ሳቀና መፋቁን ቀጠለ።

ዘመኑን በትክክል ንገረን አትበሉኝ። ሳምቡሳ በአሥር ሳንቲም፣ ብስኩት በአምስት ሳንቲም፣ ደብተር በስሙኒ የሚገዛበት ዘመን ነው። ጎረምሶቹ ከታች እንደ ደወል የሚሰፋ ሱሪ ለብሰው መንገዱን በሱሪያቸው ይጠርጉት ነበር፤ እኛ ትንንሾቹ ግን በካኪ ቁምጣና በኮንጎ ጫማ ነን። ኮንጎ ጫማ በፀሐይ ሲግል እግር ይቀቅላል፣ በዝናብ ደግሞ እንደ እንቁራሪት ይጮኻል። ከቀበሌው አዳራሽ የኪነት ልምምድ ይሰማል፤ ከበሮውን ሰምቶ ዝም ብሎ የሚቀመጥ ልጅ አልነበረም። ጥጉ ላይ ያለችው ሻይ ቤት ሬዲዮኗን ወደ መንገድ አዙራ ትከፍተው ስለነበር ዜማዎቹን ሁሉ የተማርነው አስፋልት ዳር ቆመን ነው። ዛሬ ሻይ ቤቷ በነበረችበት ቦታ ላይ ባለ መስታወት ሕንፃ ቆሟል፤ እዚያ ሳልፍ ግን እስካሁን ጆሮዬን አቀናለሁ።

ስድስተኛ ክፍል ሒሳብ ያስተማረን ቲቸር ደምሴ ይባል ነበር። ረጅም፣ ቀጭን፣ ኮቱ ላይ ሁልጊዜ ጠመኔ ያለበት ሰው ነው። ከገበሬ ቤት የወጣ በመሆኑ ሒሳብን ሁሉ በእርሻ ነበር የሚያስረዳን። አንድ ቀን ስለ ብቸኛ ቁጥሮች ሲያስተምረን፣ ማለትም ከአንድና ከራሳቸው በቀር ለማንም ያለ ቀሪ ስለማይካፈሉት፣ ድንገት ጠመኔውን አስቀመጠና፣ «ትልቅ ቁጥር ፈጥረን ብቸኛ መሆን አለመሆኑን በደቦ እንመርምረው» አለን። ስድስት ረድፍ ነበርን፤ በየረድፉ ሰባት ልጅ፣ በጠቅላላው አርባ ሁለት። እያንዳንዱ ረድፍ አንድ አኃዝ ይስጥ ተባለ። የፊተኛው ረድፍ አምስት አለ። ሁለተኛው ረድፍ፣ አጥፊ ሁሉ የተሰበሰበበት፣ «ዜሮ!» ብሎ ጮኸና ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። እንዲህ እንዲህ እያለ ሰሌዳው ላይ 508177 ተጻፈ። አምስት መቶ ስምንት ሺህ አንድ መቶ ሰባ ሰባት። እኛ በሕይወታችን እንዲህ ያለ ትልቅ ነገር ኖሮን አያውቅም ነበር።

ከሚሊዮን የሚያንስ ቁጥር አካፋይ ካለው ቢያንስ አንዱ ከአንድ ሺህ በታች ይሆናል፤ ከአንድ ሺህ በታች ያሉት ብቸኛ ቁጥሮች ደግሞ አንድ መቶ ስልሳ ስምንት ናቸው። ለአርባ ሁለት ልጅ ሲካፈሉ ለእያንዳንዱ አራት አራት ይደርሳል፤ ያለ ቀሪ። ቲቸር ደምሴ ይህን ሲያሰላ ፊቱ በራ። ቁጥሮቹን በቁራጭ ወረቀት ጽፎ በባርኔጣው ውስጥ አደረገና ዕጣ አወጣን። የ2 ዕጣ የደረሰው ልጅ ሥራው በዓይን የሚያልቅ ነውና ተነሥቶ ጨፈረ። ከዚያ ቲቸር እንዲህ አለን፦ «አካፋይ ለብቻው አይመጣም። አሥራ ሁለት ለሦስት ከተካፈለ አራት ይደርሳል፣ እንግዲያው ለአራትም ይካፈላል ማለት ነው። ትልቁ አካፋይ ትንሽ ጓደኛ አለው። አንዳችሁ ብትሳሳቱ ጓደኛው ያጋልጣችኋል።» አንዱ ልጅ፣ «ቲቸር፣ አንተስ መልሰህ ታየዋለህ?» ብሎ ጠየቀው። «በደቦ የታረሰን ማሳ ባለቤቱ ትልም በትልም አይመረምርም፤ ነውር ነው» አለ። ይህን ቃል እስከ ዛሬ አልረሳሁትም፤ ብረሳው በወደድኩ።

ለእኔ የደረሱኝ 43፣ 271፣ 587 እና 829 ነበሩ። ጊዜው እስከ ማግስቱ ነው። ከትምህርት ቤት እንደወጣሁ ድንጋይ ላይ ተቀምጬ ጀመርኩ። ለ43 ሲካፈል ቀሪው 3፣ ለ271 ቀሪው 52፣ ለ587 ቀሪው 422። እዚህ ላይ ስደርስ ከቀበሌው አዳራሽ ከበሮው ጀመረ። በዚያ ሰሞን ከበሮ መቺው ታሞ ለሙከራ ልጆች ይፈልጋሉ ተብሎ ነበር። ደብተሬን ቁምጣዬ ውስጥ ሻጥኩና ሮጥኩ። ተራ ሳይደርሰኝ መሸና ወደ ቤት ገባሁ፤ 829 ከነጭራሹ ከአእምሮዬ ጠፋ። ጠዋት በሩ ላይ ደወሉ ሲደወል ትዝ አለኝ። በፊቴ አንድ የጭነት መኪና እያቃሰተ ያልፋል፤ ሰሌዳው መጨረሻ ላይ 406 ይላል። ከ829 ያንሳል፣ ቀሪ መሆን ይችላል። ጻፍኩት። አርባ አንድ ልጅ ሠርቶ የእኔ አንዲት ቁጥር ምን ታመጣለች ብዬ ነው።

ንባቡ ሁለት ክፍለ ጊዜ ፈጀ። በስም ጥሪ ተራ እየተነሣን አራት አራት ቀሪያችንን እናነባለን፤ «ቀሪ አለው» በተባለ ቁጥር ክፍሉ አንድ ጊዜ ያጨበጭባል። የእኔ ስም በመ ነውና ከመጀመሪያዎቹ ነበርኩ። «መስፍን፤ 829፤ ቀሪ 406» ስል ድምፄ አልተንቀጠቀጠም። ውሸት በልጅነት እንዴት ያምራል! እያለ እያለ ከመጨረሻዎቹ አንዷ ዘይነባ ተነሣች። ዘይነባ አባቷ ጨርቅ ይነግዱ ነበር፤ ከክፍሉ በሒሳብ አንደኛ፣ ጸጥተኛ፣ በነጭ ሻሽ የምትሸፈን ልጅ ነበረች። ቲቸር ደምሴ አባቷን አስጠርቶ፣ «ይህቺ ልጅ አስተማሪ ነው የምትሆነው፣ እንዳያቋርጧት» ብሎ ቃል አስገብቷቸው ነበር። ዘይነባ ወረቀቷን ይዛ ትንሽ ዝም አለች፤ ከዚያ እንደ ሌሎቻችን አንብባ ተቀመጠች። የመጨረሻው ልጅ ሲያበቃ ቲቸር ሰሌዳውን በመዳፉ መታና፣ «ብቸኛ ነው!» አለ። ጩኸታችን ከትምህርት ቤቱ ታች ያለው ቀለም ፋብሪካ ድረስ ተሰማ። ከዚያው ከፋብሪካው በልመና በተገኘ ቀይ ቀለም ቁጥሩን ግድግዳው ላይ ጻፍነው፤ ዜማም አወጣንለትና ኳስ ሜዳ ላይ ተጋጣሚዎቻችንን «አንካፈልም! አንካፈልም!» እያልን አሰቃየናቸው። ብዙም ሳይቆይ ቲቸር ደምሴ ከትምህርት ቤቱ ቀረ። የት እንደሄደ ያኔ አይጠየቅም ነበር። ባርኔጣው ብቻ የመምህራን ክፍል ማንጠልጠያ ላይ ብዙ ጊዜ ቆየ።

እኔ አድጌ የፋብሪካ ሰርቪስ ሹፌር ሆንኩ። የሰርቪስ ሹፌር ሕይወቱ መጠበቅ ነው፤ ጠዋት አድርሶ፣ ማታ እስኪወጡ መሪ ላይ ተደግፎ መዋል። ሌላው ካርታ ሲጫወት እኔ በሲጋራ ወረቀት ጀርባ ላይ ያንን ቁጥር አገላብጠው ነበር። አኃዞቹ ሲደመሩ 28 ይመጣል፤ 28 ደግሞ ከራሱ በቀር ያሉት አካፋዮቹ፣ 1፣ 2፣ 4፣ 7 እና 14፣ ሲደመሩ መልሶ ራሱን ይሆናል። ደስ አለኝ። ቁጥሩ ለአራት ሲካፈል አንድ ይቀራል፤ ቲቸር ደምሴ እንዲህ ያለ ብቸኛ ቁጥር ሁሉ የሁለት ቁጥሮች ካሬ ድምር መሆን ይችላል፣ በአንድ መንገድ ብቻ፣ ብሎ ነግሮን ነበር። ስንት ወር እንደፈለግሁት አላስታውስም፤ የ639 ካሬና የ316 ካሬ ተደምረው ልክ ቁጥራችንን ሰጡኝ። ለብቻዬ መኪና ውስጥ ጡሩምባ ነፋሁ። ከዚያ ከዓመታት በኋላ፣ ሳልፈልገው፣ ሌላ መጣብኝ፦ የ656 ካሬና የ279 ካሬ። ደምሬ ደምሬ ያው ነው። አንድ መንገድ ብቻ ያለው ቁጥር እንዴት ሁለት መንገድ ኖረው? እውነቱን ልናገር፣ ቁጥሩ ብቸኛ እንዳልሆነ ገብቶኝ ነበር መሰለኝ። ግን ሰው የማይፈልገውን ነገር ላለማወቅ ብልሃት አያጣም። ቲቸርን በደንብ አልሰማሁትም ይሆናል ብዬ ወረቀቱን በመስኮት ጣልኩት።

እንግዲህ ያ ቁጥር ነው ከኖራው ሥር ወጥቶ ያፈጠጠብኝ። ቤቴ ገብቼ ስልኬን አወጣሁ፤ ካልኩሌተሩን ነካሁ። 508177 ሲካፈል ለ829። መልሱ 613 አለ። ነጥብ የለው፣ ተከታይ የለው፣ ድፍን 613። ጣቴ ተሳስቶ ነው ብዬ ደገምኩ። መነጽሬን ጠርጌ ሠለስኩ። ስልኩን አጥፍቼ አበራሁት፤ እንደዚህ ዓይነት ስልክ አንዳንዴ ያብዳል። ያው 613። አርባ አንድ ልጅ የለፋበትን ደቦ ያበላሸሁት እኔ ነኝ። ወዲያው ግን ሌላ ሐሳብ መጣና ይበልጥ ግራ አጋባኝ። 613ም ብቸኛ ቁጥር ነው፣ ከሺህ በታች ነው፤ ባርኔጣው ውስጥ ነበረ። ደርሶት የነበረ ልጅ አለ፣ ሠርቶት ቢሆን ኖሮ ያለ ቀሪ ይወጣለት ነበር። ታዲያ ለምን ቀሪ አለው አለ? ሌላ እንደኔ ያለ ሰነፍ ነበር ማለት ነው! አልዋሽም፣ ደስ አለኝ። ከዚያ በደስታዬ አፈርኩ፣ ከዚያ ደግሞ ያንን ያላወቅሁትን ሌባ ተናደድኩበት፤ አንድ ሥራ ቢሠራ ኖሮ እኔን ያጋልጠኝ አልነበረም? ሁለት ቀን ምግብ አልበላልህ አለኝ። ዜሮ ያሉት የሁለተኛ ረድፍ ልጆች ናቸው ብዬ ወሰንኩ።

የሁሉንም ቀሪ መዝግባ የያዘችው ዘይነባ ነበረች፤ እጅ ጽሕፈቷ ስለሚያምር ቲቸር ያንን ሥራ ሰጥቷት ነበር። ጎፋ የነበረው የጨርቅ ሱቃቸው መንገዱ ሲሰፋ ፈርሶ ወደ ፉሪ ሄደዋል ሲባል ሰምቻለሁ። ሁለት ታክሲ ቀያይሬ ሄድኩ። ድሮ ፉሪ ስንል የጤፍ ማሳ ነበር፤ ዛሬ ፎቅ በፎቅ ላይ ተደርቦ አቅጣጫው ሁሉ ተምታታብኝ፤ ያለፍኩበትን ፋርማሲ ሁለት ጊዜ አለፍኩት። ጠያይቄ ሱቁን አገኘሁት። ዘይነባ ከጣቃዎቹ መሃል ተቀምጣለች፤ ሻሿ ያው ነጭ ነው፣ ፊቷ ግን እንደኔው ተሸብሽቧል። ለአንዲት ደንበኛ አራት ሜትር ተኩል ልትቆርጥ፣ ለካች፣ መልሳ ለካች፣ አሁንም ለካች፣ ከዚያ ለጎረቤቷ ባለሱቅ፣ «እስኪ አንቺም እዪልኝ» አለቻት። ስሜን ስነግራት አገጯን ይዛ አየችኝና፣ «ወላሂ መስፍን! ዴስክ ላይ ከበሮ መቺው!» አለች። ሻይ አዘዘችልኝ። ስለ ልጆቻችን፣ ስለ ስኳራችን፣ ስለ ሞቱብን የክፍላችን ልጆች አወራን። አንዷ ልጇ ሒሳብ አስተማሪ ናት። «ከማን ወርሳው እንደሆነ እንጃ» አለች፤ «እኔ እንደሆንኩ ሒሳብ ሲባል እጄ ይንቀጠቀጣል።»

«ምን ነካሽ? አንደኛዋ አንቺ አልነበርሽ?»

«ነበርኩ» አለችና ሻይዋን አማሰለች። «ግድግዳው ላይ የጻፍነው ጊዜ ድረስ።»

ምን ማለቷ እንደሆነ አልገባኝም። ቁጥሩን ለመጥራት ምክንያት ስላገኘሁ ብቻ ቶሎ አልኩ፦ «ስለሱ ነው የመጣሁት። መዝገቡን የያዝሽው አንቺ ነሽ። 613 የደረሰው ማን ነበር?»

ማንኪያው ቆመ። «ለምን ፈለግኸው?»

«ያ ሰው ሳይሠራ ነው የጻፈው። ቁጥራችን ለ613 ይካፈላል፤ በስልክ አይቼዋለሁ። አንዱ ከሁለተኛው ረድፍ ሰነፎች ነው፤ ላውቀው እፈልጋለሁ።»

ዘይነባ ብርጭቆዋን አስቀመጠች። ከዚያ በጣም ቀስ ብላ፣ «እኔ ነበርኩ» አለች። «ሠርቼዋለሁ መስፍን። ሦስት ጊዜ ሠርቼዋለሁ። ሦስቱንም ጊዜ ዜሮ ወጣልኝ፤ ድርሻው 829። እንቅልፍ አጥቼ አደርኩ፤ ደስ ብሎኝም ፈርቼም። እንግዲህ ነገ 829 የደረሰው ልጅም ዜሮ ይላል፣ ሁለት እንሆናለን ብዬ ጠበቅሁ። ከዚያ አንተ ተነሣህና ቀሪ 406 አልክ። እንዴት ያለ ድምፅ ነበረህ! ደረትህን ነፍተህ። ከአንተ በኋላ ሠላሳ ስንት ልጅ እያጨበጨበ መጣ። እኔ ተነሥቼ የሁሉንም ደቦ ላፍርስ? በአንዲት በእኔ እጅ? ቀሪ አንድ ብዬ ተቀመጥኩ።»

ዘይነባ አላቆመችም፤ ለብዙ ዘመን ያዘጋጀችው ንግግር ይመስል ነበር።

«እቤት ገብቼ አራተኛ ሠራሁት። ያው ዜሮ። መስፍን ልክ ከሆነ ታዲያ እኔ መቁጠር አልችልም ማለት ነው አልኩ። ሦስቴ ሠርቶ ሦስቴ የሚሳሳት ሰው አስተማሪ ይሆናል? በዚያው ሰሞን ቲቸር ጠፋ። አባቴን ሄጄ፣ ሒሳብ አልችልም፣ ሱቅ ልግባ አልኩት። ይኸው ገባሁ። አልሐምዱሊላህ፣ ክፉ አልኖርኩም። ግን ጨርቅ ሦስቴ ሳልለካ ቆርጬ አላውቅም።»

የሆነውን ነገርኳት። ከበሮውን ነገርኳት፤ የጭነት መኪናውን ሰሌዳ ነገርኳት። ስናገር ድምፄ የሌላ ሰው መሰለኝ። ትሳደባለች ብዬ ጠበቅሁ፣ አልተሳደበችም። ታለቅሳለች ብዬ ፈራሁ፣ አላለቀሰችም። ይቅር በይኝ ማለት እንዳለብኝ አውቃለሁ፤ ቃሉ ግን ለዚህ ያንሳል። ሰው ለሰበረው ብርጭቆ ይቅርታ ይላል፤ ለአንድ ሰው እጅ ምን ይባላል? ዘይነባ ከጠረጴዛው ሥር አንድ ደብተር አወጣች፤ ባዶ ገጽ ፈልጋ ወደ እኔ ገፋችው። እርሳሷን ከጆሮዋ ላይ አውርዳ ላዩ ላይ አስቀመጠች።

«ሥራው» አለችኝ።

«በስልክ ሠርቼዋለሁ አልኩሽ እኮ።»

«ስልኩ አይደለም ዕጣ የወጣለት። ሥራው።»

መነጽሬን አደረግሁ። 508177 ብዬ ጻፍኩ፣ ከጎኑ 829። ረስቼው ይሆን ብዬ ነበር፤ እጅ ግን አይረሳም። በ5081 ውስጥ ስድስት ጊዜ፤ 4974፤ ሲቀነስ 107። ሰባትን አወረድኩ፤ 1077፤ አንድ ጊዜ፤ 248። ሁለተኛዋን ሰባት አወረድኩ፤ 2487። እዚህ ላይ እርሳሱ አልሄድም አለኝ። ዘይነባ ከጎኔ ጎንበስ ብላ ነበር፤ ትንፋሿ ይሰማኛል። ሦስት ጊዜ ብዬ ጻፍኩና አባዛሁ፤ ከ2487 ሥር ሌላ 2487 ተቀመጠ። መስመሩን አሰመርኩ።

«ቀሪ?» አለችኝ።

«የለውም» አልኩ ወደ ደብተሩ።

«ቆመህ። ክፍሉ ይስማ።»

ጉልበቴን ይዤ ተነሣሁ። ጎረቤቷ ባለሱቅ ሥራዋን ትታ ታየናለች፤ መንገደኛውም ዘወር እያለ ያያል። እንደዚያን ቀን ደረቴን መንፋት አልቻልኩም። «መስፍን» አልኩ፤ «829፤ ቀሪ የለውም።»

ዘይነባ ሻሿን አስተካከለች። ከወንበሯ ተነሣችና እጆቿን ወደ ጎን አድርጋ፣ ልክ ስም ሲጠራ እንደምንቆመው፣ ቀጥ ብላ ቆመች። «ዘይነባ» አለች፤ «613፤ ቀሪ የለውም።»